መጀመሪያ የትኛውን ሱረት ልግዛ?



ባለፈው ወር ከዚሁ አዳራሽ ስወጣ አንድ ወጣት በሩ ላይ ጠበቀኝ። የለንደን ብርድ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ሰላም ከተባባልን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ሲጋራውን ልተወው ቆርጫለሁ። እርስዎ በሱረት ነው የተውት ሲባል ሰማሁ። እኔም ልሞክረው ነው። መጀመሪያ የትኛውን ልግዛ?» አለኝ። አውቶቡሴ እየመጣ ስለነበር የአንዱን ቆርቆሮ ስም ጠርቼለት ሮጥኩ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የነገርኩት ስም ልክ ነበር፤ መልሱ ግን ጎዶሎ ነበር። ዛሬ ንግግር እንዳደርግ ስትጋብዙኝ ሌላ ርዕስ ያልፈለግሁት ለዚህ ነው። የልጁን ጥያቄ በሙሉ ልመልሰው መጥቻለሁ።

መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። ሐኪም አይደለሁም። 19 ዓመት ያጨስኩ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ እያለሁ ሲጋራ በፍሬ ነበር የምገዛው፤ እዚህ መጥቼ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ጠባቂ ስሆን በቀን አንድ ፓኮ ገባሁ። ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ሰው የለም፣ ሲጋራ ጓደኛ ይሆናል። ከሲጋራ የወጣሁት በሱረት በኩል ነው። ከሱረቱም ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የምነግራችሁ ግማሹ ያነበብኩት፣ ግማሹ በገዛ አፍንጫዬ የተማርኩት ነው።

ሱረት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ያደግሁት አርሲ ነው። አያቴ ሱረቷን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ትይዝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትሞቅ ትፈታውና በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ ትስበዋለች። ከዚያ ታስነጥሳለች፤ እኛ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ይማርሽ!» እንላለን፤ እሷም ትመርቀናለች። ለእኔ የሱረት ሽታ ማለት የአያቴ ምርቃት ነው። ይህን የምናገረው በዚህ ጉዳይ ልቤ ከየት በኩል እንደሚያዳላ አስቀድማችሁ እንድታውቁት ነው።

በሌላው በኩል ደግሞ ትምባሆ ሲወገዝ ሰምተን ነው ያደግነው። በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ይሉ የነበሩ አባቶች አሉ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ትምባሆን አጥብቀው ከልክለው፣ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው እንዲቆረጥ አዘው ነበር ሲባል ከሽማግሌ አፍ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ እንዳይመስላችሁ፤ በ17ኛው መቶ ዓመት ሩሲያ ውስጥም ትምባሆ ተጠቃሚ አፍንጫውን ይቀጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1642 የሮማው ፓፓ ኡርባኑስ ስምንተኛ በሴቪል አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ትምባሆ የሚጠቀመውን በውግዘት አስፈራርተዋል። ቅዳሴው በማስነጠስ እየተቋረጠ እንዴት ይሁን? በ1720ዎቹ ግን ፓፓ ቤኔዲክቶስ 13ኛ ክልከላውን አላሉት፤ እሳቸው ራሳቸው ሱረት ይወዱ ነበር።

አውሮፓ ውስጥ ሱረት የቤተ መንግሥት ነገር የሆነው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1560 ገደማ በሊዝበን የፈረንሳይ አምባሳደር የነበረው ዣን ኒኮ ትምባሆን ለራስ ምታት መድኃኒት ነው ብሎ ለንግሥት ካትሪን ደ ሜዲቺ ላከ። ኒኮቲን የሚለው ስም የእሱ ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር ሱረት በሕዝቡ መካከል የተስፋፋው በ1702 የአድሚራል ሩክ መርከቦች ቪጎ ላይ የስፔንን መርከቦች ማርከው በርሜል በርሜል ሱረት ይዘው ከተመለሱ በኋላ ነው። በ1720 ሄይማርኬት ላይ ፍሪቡርግ ኤንድ ትሬየር የተባለው ታዋቂ ሱቅ ተከፈተ። የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ሚስት ንግሥት ሻርሎት ሱረት ከመውደዷ የተነሣ ስሙ በቅጽል ተለጥፎባታል። እዚህ በቅርባችን ባለው ምክር ቤት ደግሞ በስብሰባው አዳራሽ ማጨስ ከ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ክልክል ስለሆነ፣ አባላቱ ሲገቡ ከበረኛው ሱረት የመውሰድ መብት አላቸው። ከሲጋራ ይልቅ ሱረት የሚለው ሐሳብ እንግዲህ የዛሬ አይደለም፤ 300 ዓመት ያለፈው ነው።

ወደ ነገሩ ልግባ።

ሲጋራ ለምንድነው የሚገድለው? ብዙዎቻችን ኒኮቲኑ ነው እንላለን። ኒኮቲን ባሪያ ያደርጋል፤ ልብን ያስሮጣል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፤ ነገር ግን ሳንባን የሚያነደው ጭሱ ነው። ቅጠሉ ሲቃጠል ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ይወጣሉ፤ ከ70 ያላነሱት ካንሰር የሚያመጡ መሆናቸው ይታወቃል። ታር የሚባለው ጥቁር ዝቃጭ ሳንባ ላይ ይለጠፋል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ያው ጋዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል ይላል። እኔ ከዚህ ቁጥር ውስጥ በስም የማውቃቸው አሉ፤ እናንተም እንዲሁ።

እዚሁ ለንደን ማይክል ራስል የሚባል የአእምሮ ሐኪም ነበር። ሰው የሚያጨሰው ለኒኮቲኑ ነው፣ የሚሞተው ግን በታሩ ነው ብሎ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያስተማረ ሰው ነው። እሱና ባልደረቦቹ ሱረት የሚስቡ ሰዎችን ደም መርምረው በ1980 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙት። ሱረት ከአፍንጫ ወደ ደም በፍጥነት ይገባል፤ አንድ ጊዜ በመሳብ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚገኘው ኒኮቲን ከአንድ ሲጋራ ከሚገኘው ጋር ይቀራረባል። እሳት የለም፣ ጭስ የለም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የለም። ለአጫሽ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለማያጨስ ሰው ግን ምንም አይደለም። ሲጋራ የማታጨሱ ልጆቻችን፣ ከእኔ ንግግር «ሱረት ደህና ነው» የሚል ነገር ይዛችሁ እንዳትወጡ እለምናችኋለሁ። ነፍሰ ጡር የሆነች እህትም እንዲሁ፤ ለእሷ የሚሆን ሱረት የለም።

አሁን የትኛው ወደሚለው እንምጣ። ሱረት ሲገዛ ሦስት ነገር ይታያል፦ ድቀቱ፣ እርጥበቱና ሽታው። ጀማሪ ሽታውን ብቻ ያያል። የቆርቆሮው ክዳን ላይ ያለውን ስም፣ ሎሚ ነው፣ ጽጌረዳ ነው፣ ቡና ነው ይላል። አፍንጫን የሚፈትነው ግን ድቀቱና እርጥበቱ ነው። በጣም ልም ሆኖ የደረቀው፣ እዚህ ቶስት የሚሉት ዓይነት፣ እንደ በርበሬ ብናኝ ነው፤ ትንሽ ጠንከር አድርጋችሁ ከሳባችሁት ቀጥ ብሎ ጉሮሮ ይገባል፣ ያስላል፣ ያስለቅሳል። የሕንዱ ነጭ ሱረትም ኃይለኛ ነው። በእርግጥ የኃይሉ ምንጭ ሁልጊዜ የትምባሆው ብዛት አይደለም፤ እንደ ካርቦኔት ያለ ጨው ሲጨመርበት ኒኮቲኑ ከቅጠሉ ይላቀቅና በአፍንጫ ሥጋ በኩል ቶሎ ያልፋል። የሱዳን ወንድሞቻችን ቶምባክ የሚሉትን በአፍ የሚያዝ ትምባሆ አትሮን በሚሉት እንዲህ ያለ ጨው የሚያሹት ለዚሁ ነው።

ለጀማሪ የሚሻለው መካከለኛ ድቀት ያለው፣ በጣት ሲነካ ትንሽ የሚረጥብ ሱረት ነው። እንዲህ ያለው ከአፍንጫው ደጃፍ ላይ ይቀራል። በሰሜን እንግሊዝ ኬንዳል በምትባለው ከተማ ከ1792 ጀምሮ ሱረት ይፈጫል፤ ኬንዳል ብራውን የሚሉት ሽታ ያልበዛበት ቡናማ ሱረት ከዚያ ነው። ሼፊልድ ውስጥ ደግሞ ሻሮው ወፍጮ በ1737 የተመሠረተ ነው፤ ኤስ ፒ የሚባለው ዓይነት ቀለል ያለ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ሽታ አለው። ለዚያ ልጅ በሩ ላይ የጠራሁለት ስም ይኸው ኤስ ፒ ነው። ጀርመን አገር ያሉ ዘመዶቻችሁ ሽማልዝለር የሚባለውን ያውቁ ይሆናል፤ ባቫሪያዎች ከብራዚል ትምባሆ የሚሠሩት፣ ጥቁር፣ ሻካራ፣ እርጥብ ሱረት ነው። ድሮ በቅቤ ይታሽ ነበርና ስሙ ከዚያ የመጣ ነው። እኛ ቅቤ ለፀጉር የምንቀባ ሰዎች ይህ አይገርመንም።

ሜንቶል ያለውን በተመለከተ ቆም ልበል፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ እሱን ነው። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2020 ጀምሮ እዚህም በአውሮፓም የሜንቶል ሲጋራ መሸጥ ተከልክሏል፤ ሱረት ላይ ግን ክልከላው አልመጣም። ስለዚህ የሜንቶል ሲጋራ የለመደ ሰው ወደ ሜንቶል ሱረት ያያል። ሜንቶል፣ ካምፎርና ባሕር ዛፍ ያለበትን ቆርቆሮ ስትከፍቱ ጉንፋን ሲይዘን እናታችን በብርድ ልብስ ሸፍና ያጠነችን ባሕር ዛፍ ይሸታችኋል። አፍንጫ ይከፍታል፣ ደስ ይላል። ችግሩ ያው ደስታው ነው፤ ቅዝቃዜው ማቃጠሉን ስለሚደብቅ ሰው መጠኑን ሳያውቅ ይደጋግማል። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያ ቆርቆሮዬን የገዛሁት በጣም ኃይለኛ ሜንቶል ነበር፤ ሲጋራ እንደምስብ በሙሉ ሳንባዬ ሳብኩት። ዓይኔ ጨለመ፣ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፣ ጥበቃ ክፍሉ ወለል ላይ ተቀምጬ ቅርሻቴን ታገልኩ። ኒኮቲን ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል። የሜንቶል አጫሽ ከሆናችሁ ሜንቶሉ ለስለስ ያለውን ፈልጉ፤ ትንሿን ቆርቆሮ ብቻ ግዙ። አምስት ዓይነት በአንድ ቀን ገዝቶ የሚገባ ሰው ሲጋራ ሊተው ሳይሆን ሌላ ፍቅር ሊጀምር ነው።

አሳሳቡን አያቴን አስታውሼ ላሳያችሁ። ከምስር ፍሬ ያነሰ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጠር ማድረግ። ቡና ሲቆላ ሸክላው ሲዞር ጭሱን በእጃችን ወደ አፍንጫችን እናመጣው የለ? ልክ እንደዚያ፣ በቀስታ፣ በአጭሩ። ጉሮሮ ላይ ከተሰማችሁ ጠንከር አድርጋችኋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያስነጥሳችኋል፤ አፍንጫው ሲለምደው ይቀንሳል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተናፈጡ፤ ጥቁር ቀለም ያለው መሀረብ ያዙ፣ ነጩን ያበላሽባችኋል። በሁለቱም አፍንጫ ከሳባችሁ በኋላ የሲጋራ አምሮቱ እስኪበርድ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ እንጂ አትድገሙ። ቆርቆሮውን ደግሞ ሕፃን ከማይደርስበት፤ ጣፋጭ ስለሚሸት ሕፃን ከረሜላ ይመስለዋል፣ ኒኮቲን ለሕፃን መርዝ ነው።

እስከዚህ ያለው አውቶቡሱ ባይመጣ በር ላይ የምነግረው ነበር። ያኔም ቢሆን የማልነግረው ቀጥሎ ያለው ነው።

ሱረት በጀመርኩ በስድስተኛው ሳምንት ሲጋራ ማቆም የሚረዱ ነርስ ዘንድ ሄድኩ። በትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ሰጡኝ። ሱረት ሳልጀምር በለካሁ ጊዜ 24 ነበር። የማያጨስ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ6 በታች ነው። እኔ ሱረት ኪሴ ውስጥ ነው፣ ሲጋራዬንም በግማሽ ቀንሻለሁ፣ ደረቴን ነፍቼ ነፋሁት። 17 አለ። ነርሷ በደግነት ዓይኔን እያዩ፣ «ሱረቱ በሲጋራው ቦታ ገባ ወይስ ከሲጋራው ጎን ተቀመጠ?» ብለው ጠየቁኝ። ከጎኑ ነበር የተቀመጠው። አውቶቡስ ውስጥ ሱረት፣ ጥበቃ ክፍሌ ውስጥ ሱረት፣ ውጭ ስወጣ ሲጋራ። ማጨስ የማልችልባቸውን ሰዓታት በሱረት ሞልቼ ከበፊቱ የበለጠ ኒኮቲን እየወሰድኩ ነበር።

ግማሽ መቀነስ ግማሽ ጉዳት የሚቀንስ ይመስለናል። ለልብ እንዲህ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያጠናቀረ ሥራ እንዳሳየው፣ በቀን አንዲት ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው፣ 20 የሚያጨሰው ሰው በልብ ሕመም ከሚደርስበት ተጨማሪ አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። አንዲት ሲጋራ፣ ግማሽ አደጋ! ይህን ሳነብ ሌሊቱን ጥበቃ ክፍሌ ውስጥ ስመላለስ አደርኩ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሱረት ስትመርጡ ከስሙም ከሽታውም በፊት የመጨረሻዋን ሲጋራ ቀን ምረጡ። ቆርቆሮው የሚከፈተው በዚያ ቀን ጠዋት ነው። ፓኮው ቤት ውስጥ አይደር፣ መኪና ውስጥም አይደር። እኔ እንዲህ ባደረግሁ በሁለት ሳምንቱ ስለካ መሣሪያው 2 አለ። ያን ቀን ከክሊኒኩ ወጥቼ ለእህቴ አርሲ ደወልኩላት፤ ምን እንደሆንኩ ሳይገባት አብራኝ አለቀሰች።

ስለ ሱረቱ ጉዳት ደግሞ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ጆን ሂል የሚባል የለንደን ሐኪም በ1761 አብዝተው ሱረት በሚስቡ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ ያየውን እብጠት ጽፎ አስጠንቅቋል። ትምባሆ ከካንሰር ጋር በሐኪም ብዕር ከተያያዘባቸው ከመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች አንዱ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ጭስ የሌለውን ትምባሆ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች በመጀመሪያው ምድብ አስቀምጦታል። ዓይነቱ ግን ይለያያል። የሱዳኑ ቶምባክ ናይትሮሳሚን የሚባለው ካንሰር አምጪ ነገር በጣም የበዛበት ነው፤ በእንፋሎት የሚታከመው፣ ስኑስ የሚባለው የስዊድን የአፍ ትምባሆ ግን በጣም ያነሰ ነው ያለበት። ከዚህ ተነሥቼ የምለው፣ ከአገር ቤት በላስቲክ ተቋጥሮ የሚመጣ፣ ማን እንዴት እንዳቦካው የማይታወቅ ዱቄት ለአፍንጫችሁ አታቅርቡ። የአያቴን መቀነት እየናፈቅሁ ነው ይህን የምለው። አፍንጫም ራሱ ይጎዳል፤ ለዓመታት ሲሳብበት ሥጋው ይቆጣል፣ ሽታ መለየት ይደክማል። እኔ የዶሮ ወጥ ሽታ ደጃፍ ላይ ሆኜ የማላውቅበት ጊዜ መጥቶ ነበር።

ወደ አገር ቤት ስትሄዱ «ለሽማግሌው ስጦታ» ብላችሁ የሜንቶል ቆርቆሮ የምትይዙም አላችሁ። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ ማስገባትና መሸጥ ከልክሏል። ተዉት፤ ለሽማግሌው ጋቢ ይሻላል።

አሁን ከሱረቱ በፊት ያለውን በር ላሳያችሁ። እነ ማይክል ራስል ሱረትን መርምረው አላቆሙም። አፍንጫ ኒኮቲንን እንዲህ ቶሎ የሚቀበል ከሆነ፣ ትምባሆው ለምን ያስፈልጋል ብለው ጠየቁ። በ1992 በላንሴት ባወጡት ጥናት 227 አጫሾችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን ኒኮቲን ያለበት የአፍንጫ ርጭት፣ ለሌላው ኒኮቲን የሌለው ሰጡ። ዓመቱን በሙሉ ሳያጨስ የቆየው ኒኮቲን ካገኘው ወገን 26 በመቶ፣ ካላገኘው 10 በመቶ ነበር። ርጭቱ ቅጠል የለበትም፣ ናይትሮሳሚን የተከማቸበት ዱቄት የለበትም። ሱረት በእኔ ልምድ ረድቶኛል፤ መድኃኒቱ ግን በጥናት ተፈትኗል። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኒኮቲን ቀስ ብሎ ቀኑን ሙሉ ይሰጣል፤ ድንገት ለሚመጣው አምሮት ደግሞ ማስቲካው ወይም ርጭቱ ይደርሳል፤ ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ኒኮቲን ተኪ መድኃኒቶችን በ2009 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። እዚህ አገር ሲጋራ ማቆም የሚረዳው አገልግሎት በነፃ ነው። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላችሁ የምትቀሩ እናቶችና አባቶች፣ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ወይም እኔን ያዙኝ፣ አብሬ እሄዳለሁ።

እኔ ሱረት ስጀምር ይህን አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ ከቆርቆሮው በፊት እሱን እሞክር ነበር። ሱረቱንም ለመተው ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። የከሰዓቱን ተውኩ፣ የማታውን ተውኩ፣ የጠዋቷ ግን ከሁሉም አስቸገረችኝ፤ ከቡና ጋር ተጣብቃ ነበር። በመጨረሻ ለሦስት ሳምንት ቡናዬን ትቼ ሻይ ጠጣሁ።

ያ ወጣት ዛሬ እዚህ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም። ልጄ፣ ጥያቄህን ሙሉ አድርጌ ልመልስ። መጀመሪያ ሐሙስ አብረን ነርሷ ጋ እንሂድ፤ ትንፋሽህን ለካ፣ ቁጥሩን ጻፈው፣ መድኃኒቱን ጠይቅ። ያ አልሆንልህ ካለና ልብህ ሱረት ላይ ከሆነ፣ ሲጋራ የምትተውበትን ቀን ቆርጠህ ንገረኝ። ኬንዳል ብራውን ወይም ኤስ ፒ፣ ትንሿን ቆርቆሮ ገዝቼ በዚያ ቀን ጠዋት ቤትህ አመጣልሃለሁ፤ ኪስህ ውስጥ ያለውን ፓኮ ግን ተቀብዬህ ነው የምመለሰው።

ጥያቄ ያላችሁ፣ ሻይ ቤቱ በኩል ነኝ።